የጫማው ልጅ



አንድ ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ ከመስጂድ በር ጫማ አንስቶ ሊሮጥ ሲል የተያዘ ልጅ አየሁ። ዕድሜው ቢበዛ 12 ቢሆን ነው። ገና ከሱጁድ የተነሳው ሰው ሁሉ እየመጣ በጥፊ አቀመሰው። እኔም ቆሜ አየሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ማታ ራፊዕ ኢብኑ ዐምር አል-ጊፋሪ (ረ.ዐ) ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳሉ የአንሷሮችን የተምር ዛፍ በድንጋይ ሲመቱ ተይዘው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተወሰዱ። ነብዩ መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰለህ? ለምን እንደሚወረውር ጠየቁት። ለመብላት ነው አለ። ዛፉን እንዳይመታ ከለከሉት፤ የወደቀውን ግን እንዲበላ ፈቀዱለት፤ ራሱን ዳብሰው እንዲጠግብ ዱዓ አደረጉለት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የባለዛፎቹ ሐቅ አልተረሳም፤ የልጁም ረሃብ አልተረሳም።

«ይህ በመንግሥት ደረጃ አይሠራም» የሚል አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩት የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ቡንቪል በምትባል ከተማ ያጠፉ ወንድ ልጆች የሚላኩበት ትልቅ ተቋም ነበር፤ በፈረንጆቹ 1889 የተከፈተ። «ማሠልጠኛ» ይባል እንጂ የታወቀው በድብደባና በጥቃት ነው። በ1983 ተዘጋ። ልጆቹም ለቤተሰባቸው ቀረብ ባሉ ትንንሽ ቤቶች መኖር ጀመሩ። አንድ ቡድን ከ10 እስከ 12 ልጆች ነው፤ አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ የሚለብሱት የራሳቸውን ልብስ ነው። አንዱ ሲቆጣ ቡድኑ ክብ ሠርቶ ምን እንደነካው ይነጋገራል። ወላጆች ይጠራሉ። ልጁ ከወጣ በኋላም የሚከታተለው ሰው ይመደብለታል፤ ለእኔ ቁም ነገሩ ይሄ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው ከተለቀቀ በኋላ ነውና። ከባድ ወንጀል ለፈጸሙት አጥር ያለው ዝግ ቤትም አላቸው፤ የተበዳይ ሐቅ ቀልድ አይደለም። ግዛቶች የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ማወዳደር ያስቸግራል፤ ቢሆንም ከሚዙሪ ወጥተው ተመልሰው የሚታሰሩት ከብዙ ግዛቶች ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። በ2008 የሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤት ሸልሟቸዋል።

የአገራችን የ1996 የወንጀል ሕግም ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይከስም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውንም እንደ አዋቂ አይቀጣም። 15ን ያለፈው ግን፣ ዳኛው ሊያቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው በአዋቂዎች ድንጋጌ ነው። ሕጉ ላይ ብዙ ሊባል ይችላል። የእኛ የመስጂድ በር ፍርድ ግን ሕጉ ጋ እንኳ አልደረሰም፤ የ12 ዓመቱን ልጅ ማንም «በልተሃል ወይ?» አላለውም።

ጫማው ለባለቤቱ ተመለሰ። ልጁ እየነፈረቀ ወደ ታች ወረደ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚያድር የጠየቀ የለም፤ እኔም ጭምር። አላህ ይጠብቀው፤ እኔንም ይማረኝ።