ከስንት አንዴ ነው ለምትሉ

እናንተ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች፣ እናንተም ክፍሉን የምታስተዳድሩ፣ ስሙ! ሕፃኑ ትናንት ደህና ነበር፤ ክብደት እየጨመረ፣ ኦክስጅን እየተቀነሰለት። ሌሊት በድንገት ነጣ፣ የልብ ምቱ ወረደ። ደረቱን ተጫናችሁ፣ አድሬናሊን ሰጣችሁ፣ አልተመለሰም። በካርዱ ላይ «ያለ ጊዜው የተወለደ» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ እናቱን «የእግዜር ፈቃድ ነው» አላችኋት። የገዛ እጃችሁን ሥራ በፈጣሪ ማላከክ እንዴት ያለ ድፍረት ነው?

ከእምብርቱ ወይም ከክንዱ ገብቶ ወደ ልቡ የሚሄደውን ቱቦ ማን አየው? ጫፉ ልብ ውስጥ ከተቀመጠ ስሱን ግድግዳ ይነካካል፤ በቱቦው የሚወርደው ስኳር የበዛበት ምግብ ግድግዳውን ያቆስለዋል፤ ፈሳሹም ሾልኮ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ልብ ታፍኖ ደም መሙላት ያቅተዋል፤ መድኃኒት ብትደራርቡም ከንቱ ነው። በመርፌ ጥቂት ሚሊ ሊትር መቅዳት ግን ሕፃኑን ከሞት አፋፍ ሊመልሰው ይችላል። የሚቀዳውም ብዙ ጊዜ ደም አይደለም፤ እናንተው ስታወርዱለት የነበረው ምግብ ነው።

አልሰማንም አትበሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1989 የእንዲህ ያለ ቱቦ ጫፍ ልብ ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ ተንሸራቶም እንዳይገባ አስጠንቅቋል። በማንችስተር አራት ጨቅላዎች በዚሁ ምክንያት ሞተው የእንግሊዝ ጤና መሥሪያ ቤት የምርመራውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥቷል። አደጋው ከሺህ ቱቦ በሁለቱ እንኳ ላይደርስ ይችላል፤ እናንተ ግን ይህን ማነስ መሸሸጊያ አደረጋችሁት። ለሞተው ሕፃን ምን ይጠቅመዋል?

«ራጅ አንሥተን ነበር» ትላላችሁ። መቼ? ክንዱ ሲታጠፍ ጫፉ ቦታ ይለውጣል፤ እትብቱ እየደረቀ ሲኮማተርም የእምብርቱ ቱቦ ይንሸራተታል። ጉበት ውስጥ ከቀረ ደግሞ ምግቡ እዚያው ይፈስና ሆድ ይነፋል። የመጀመሪያው ቀን ራጅ ለሦስተኛው ቀን ምስክር አይሆንም።

ቱቦውን አልኮንንም፤ አንድ ኪሎ ያልሞላ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ያለ እርሱ አይሰነብትም። በአንዲት ነርስ ላይ የብዙ ሕፃናትን ነፍስ የሚጭን አስተዳዳሪም ከእርሷ በፊት ይጠየቅበታል፤ ለአልትራሳውንድ ገንዘብ የለም እያለ ቢሮውን ምንጣፍ የሚያለብሰውማ እጥፍ።

አሁንም ተመለሱ፣ ንስሐ ግቡ። ንስሐችሁ ግን በእንባ ብቻ አይሁን። ጫፉ ልብ ውስጥ ያለውን ቱቦ ዛሬውኑ ወደ ኋላ ሳቡት። ራጅ ሲነሣ ክንዱ እንዴት እንደነበረ መዝግቡ። ቱቦ ያለበት ሕፃን በድንገት ቢዝል የሚወርደውን ፈሳሽ አቁሙ፣ ልቡን በአልትራሳውንድ እዩ፣ መርፌውና መርፌውን የሚያውቅ እጅ በሌሊትም አይታጡ። ሥራውን የጨረሰ ቱቦ አንድ ሌሊት አይደር። ያለ ኑዛዜ ንስሐ የለምና፣ እውነቱን የሸሸጋችሁባትን እናት ጠርታችሁ ልጇ በምን እንደሞተ ንገሯት፤ ይቅርታም ለምኗት።