በሽምግልና ዘመን አብሮ ስለ መኖርና ስለ መማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 2 ስለ ሁለት ሽማግሌዎች ይነግረናል፤ እነርሱም ስምዖንና ነቢይት ሐና ናቸው። ሁለቱም ጌታን ያገኙት በየቤታቸው ተዘግተው ሳይሆን ሕዝብ በሚሰበሰብበት በመቅደስ ነው። ሐና በጾምና በጸሎት ብቻ አልተወሰነችም፤ መድኃኒትን ተስፋ ለሚያደርጉ ሁሉ ስለ ሕፃኑ ትናገር ነበር። እንግዲህ የሽምግልና ሥራ ሦስት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ይኸውም መጸለይ፥ ከወንድሞች ጋር መገናኘትና የተማሩትን ማስተማር ነው።

በጎጃም፥ በደምበጫና በአካባቢዋ፥ ከአባቶች የተቀበልነው መልካም ልማድ አለ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ልጆቹን ድሮ፥ ገንዘቡን አከፋፍሎ፥ ቆብ ደፍቶ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በትንሽ ጎጆ ይቀመጣል። ዛሬ ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄዱ ይህ ልማድ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በዓለም ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳ፥ ብቸኝነትም ሥጋን ጭምር እንደሚያሳምም አስታውቋል።

ነገር ግን ጎጆ ከጎጆ መጠጋቱ ብቻውን ማኅበር አያደርግም። ግድግዳቸው የተያያዘ ሁለት መነኮሳይያት ሳይጠያየቁ ሱባዔ ሊፈጽሙ ይችላሉ። አንዷ በዓለም ሳለች እመቤት፥ ሁለተኛዋ በቤቷ እህል ፈጪ ነበረች፤ ወይም ባሎቻቸው በድንበር ተካሰው ነበር። ቆቡ ራስን ሸፈነ እንጂ ቂምን አልሻረም። ስለዚህ የአረጋውያን ማኅበር የሚጀመረው ከምግብ ሳይሆን ከይቅርታ ነው።

አባ አርሳንዮስ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማረ፥ የሮማይስጥና የጽርዕ ሊቅ ነበረ። በግብፅ በረሃ ከመነኰሰ በኋላ ግን ፊደል ያልቆጠረ አንድ ገበሬ መነኵሴን ስለ ሐሳቡ ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህም በተደነቁበት ጊዜ የዚያን ገበሬ ፊደል ገና እንዳላወቀ መለሰ። እንግዲህ እመቤቲቱ ከፈጪዋ ትዕግሥትን፥ ፈጪዋም ከእመቤቲቱ ንባብን ብትማር ምን ያሳፍራል?

«ከእንግዲህ ለሞት እንጂ ለትምህርት ምን ዕድሜ አለኝ?» የሚል ብዙ ነው። ሙሴ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ 80 ዓመቱ ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 ሌዋዊው 50 ዓመት ሲሞላው ከከባዱ ሥራ እንዲያርፍ፥ ነገር ግን ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ እንዲጠብቅ ታዟል፤ ሥራው ተለወጠ እንጂ አልቀረም። አባ ጳኵሚስም በ4ኛው መቶ ዓመት ባቆመው የአንድነት ገዳም የሚገባ ሁሉ ንባብ እንዲማር ሠርቷል። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ፊደል ቆጥረዋል። ዓይኑ የደከመም ቢሆን ምክንያት የለውም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ውዳሴ ማርያም በቃል የሚጠናው ማታ በጨለማ ነውና። ከሊቃውንቶቻችንም መካከል ዓይነ ሥውራን ብዙዎች ነበሩ።

መምህሩ ከየት ይምጣ? እንደ ዋሸራና እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ ጉባኤ ቤቶች በሚገኙበት በጎጃም ምድር መምህር አይታጣም። የአብነት ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጁ ይቆማል። እማሆይ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ምስጋናውን ተናግሮ ይሄዳል። ጥቂት ቢቀመጥና አንድ መዝሙር ቢያነብላት፥ በማግሥቱም ቢያስቀጽላት፥ እርሷ ማንበብን ታገኛለች፤ ከእናቱ ርቆ የመጣው ልጅም እናት ያገኛል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የደብሩ አስተዳዳሪ ተማሪዎቹን ለጎጆዎቹ እንዲመድብ፥ የንስሐ አባትም እየተዘዋወረ እንዲጠይቅ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ሰብስቦ ይረዳል፤ ሥራውም የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በየአጥቢያው ያሉትን አረጋውያን ለሩቅ ድርጅት ትተን በሰንበቴው ማዕድ ብንቀመጥ፥ ማዕዳችን ይመሰክርብናል።

ልጆች ሆይ፤ ገንዘብ መላክ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናት የምትራበው እንጀራ ብቻ አይደለም፥ የሚያናግራትንም ሰው ትራባለች። ካህናት ሆይ፤ የሽማግሌውን ሬሳ በክብር ለመፍታት እንደምንፋጠን፥ በሕይወቱ ሳለ ደጁን ለማንኳኳት እንፋጠን። አረጋውያን ሆይ፤ ዛሬ ከጎረቤታችሁ ጋር ታረቁ፤ ነገም አንድ ፊደል ተማሩ።

አምላካችን እስከ ሽምግልና ያደረሰን ለፍሬ ነውና ፍሬውን እንድናፈራ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።