የጥላ ዕዳ

ወጣቶች ሆይ፣ በበረሃ ከተማ ውስጥ የዕፅዋት ማዕከል አለ ቢሏችሁ በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ምናልባት ከሩቅ ወንዝ በተሳበ ውኃ የለመለመ ሣርና አበባ ይሆናል። በአሜሪካ አሪዞና፣ በፊኒክስ ከተማ ያለው ማዕከል ግን የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተ ሲሆን በዋናነት የሚያሳየው በረሃ ራሱ የሚያበቅለውን ነው። ከ50,000 በላይ ተክሎች አሉት፤ እሾሁም ብዙ ነው። ሀገር ቤት በለስ የበላ ሰው የበለሱን ዘመዶች እዚያ ያገኛቸዋል፤ በለስ ወደ እኛ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነውና።

ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ሳጓሮ የተባለውን ቁልቋል ነው። እጆቹን ወደ ላይ እንዳነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ፣ ዕድሜውም 150 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እኔ ግን እንድታዩልኝ የምፈልገው ብዙ ጊዜ ከጎኑ የምትገኘውን ዛፍ ነው። ፓሎ ቬርዴ ትባላለች፤ በስፓንኛ አረንጓዴ እንጨት ማለት ነው። ቅጠሏ ጥቃቅን ነው፤ በድርቅ ጊዜም ስለምታረግፈው ምግቧን በአረንጓዴው ልጥዋ ጭምር ታዘጋጃለች።

የሳጓሮን ፍሬ የበላ ወፍ በዚህች ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲያርፍ ዘሩ ከኩሱ ጋር ከሥሯ ይወድቃል። ገላጣ መሬት ላይ የወደቀውን ዘር ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ወይም እንስሳ ይለቅመዋል። ከዛፊቱ ሥር የበቀለው ግን በቀን ከሐሩር፣ በብርድ ወራት ሌሊት ደግሞ ከውርጭ ይከለላል። እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ከ4 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ክንድ ለማውጣት 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለችውን ዛፍ የዘርፉ ሰዎች ሞግዚት ተክል ይሏታል።

ከዚያስ? ያደገው ሳጓሮ ቅርንጫፎቿን አልፎ ይወጣል። ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ በስፋት ተዘርግቶ የዘነበውን ጥቂት ዝናብ ይሻማታል። ትልልቅ ሳጓሮ ያጠገባቸው ፓሎ ቬርዴዎች ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚደርቅባቸው ተመራማሪዎች አስተውለዋል። ሞግዚቷ ሞታ ስትበሰብስ እርሱ ይቀራል። ጎብኚውም «በረሃን ብቻውን ያሸነፈ» እያለ ያደንቀዋል። (ብቻውን የሚባል ነገር እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2023 ታይቷል፤ ከተማዋ ለ31 ተከታታይ ቀናት 43 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስትግል፣ ሌሊቱም አልበርድ ሲል፣ በዚያው ማዕከል አንዳንድ አንጋፋ ሳጓሮዎች ክንዳቸው ተገንጥሎ ወድቀዋል።)

ለመሆኑ ሳጓሮው ዕዳ አለበት? «የለበትም» የሚለው ክርክር የሚናቅ አይደለም። እርሷ ልታሳድገው አላሰበችም፤ እርሱም ሊጎዳት አላሰበም። ሐሳብ በሌለበት ውለታም በደልም የለም። ስለ ተክል ከሆነ እስማማለሁ። ሰው ይህንኑ መከራከሪያ ለራሱ ሲያደርገው ግን አልቀበለውም። «እናቴ ያሳደገችኝ ግዴታዋ ስለሆነ ነው።» «ቤይሩት ያለችው እኅቴ ላኪልኝ ብያት አይደለም የላከችው።» እንዲህ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። ሳጓሮ ዝቅ ብሎ ማየት አይችልም፤ እኛ እንችላለን። ውለታን የሚፈጥረው የሰጪው ሐሳብ ብቻ አይመስለኝም፤ የተቀባዩ ማወቅም ይፈጥረዋል። ዕዳው የሚጀምረው ጥላው የማን እንደነበረ ባወቃችሁበት ቀን ነው።

ውለታን ሰንሰለት የሚያደርጉም እንዳሉ አውቃለሁ። «አስተምሬሃለሁና እኔ ያጨሁልህን አግባ» የሚል ሰው ጥላ ሳይሆን ጣሪያ ነው የሠራው። ሳጓሮው በዛፊቱ ቁመት ልቅር ቢል ለማንም አይጠቅምም። ሲያድግ ግንደ ቆርቁር ጎጆውን ይፈለፍልበታል፤ ፍሬውንም ቶሆኖ ኦኦድሃም የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ይለቅሙታል። ማደግ በደል አይደለም። ወደ ላይ እያደጉ ታች ያለችውን መርሳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የዮናስን ቅል አስታውሱ። በጥላው እጅግ ደስ አለው፤ በደረቀ ጊዜም ሞቱን እስኪመኝ ተቆጣ። ያዘነው ግን ለቅሉ ነው ወይስ ለጥላው? ይህ ጥያቄ እኛንም አይምረንም። እኅታችሁ ከአረብ ሀገር ደውላ «በዚህ ወር መላክ አልቻልኩም» ስትል ቀድሞ የሚመጣባችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? የትምህርት ክፍያው ነው? ይህን ማሰብ አያስነውርም፤ የምዝገባው ቀን አይጠብቅምና። መልሳችሁ ስትደውሉ ግን ከወገቧ ሕመም ጀምሩ፤ ባለፈው ነግራችሁ ነበር።