ስለ ባዶ መዝገብ

ሰው ደክሞ ፈልጎ ያጣ እንደ ሆነ «አላገኘሁም» ብሎ መጻፉ እንደ ፍሬ ይቈጠርለታልን? ወይስ ድካሙ ከንቱ ነው? ጥያቄው ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለእውነት ያለን ፍቅር የሚፈተነው በዚሁ ነውና፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት አብረን እንመርምረው።

በዩኒቨርሲቲ የዕፅዋትን ኑሮ የሚማሩ ወጣቶች፥ ገና የመጀመሪያውን ዲግሪ ሳይዙ፥ ትምህርት በሚዘጋበት በክረምቱ ወራት ከመምህራቸው ጋራ ወደ ዱር ይወጣሉ። በገመድና በችካል አራት ማዕዘን የሆነ ትንሽ ቦታ ከልለው፥ በውስጡ የበቀለውን ችግኝ አንድ በአንድ ይቈጥራሉ፤ ከዛፍ ሥር መረብ ዘርግተው የሚወድቀውን ዘር ይለቅማሉ። የሚሹትም ዘሩ ከእናቱ ምን ያህል እንደ ራቀ፥ ማንስ እንደ ወሰደው ለማወቅ ነው። የአባሎን ክንፋም ዘር ነፋስ ይወስደዋል፤ የወይራንና የሾላን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን በሌላ ስፍራ ይጥሉታል። ከእናቱ ሥር የቀረው ግን ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ትልና ተባይ በሽታም በዚያ ተከማችተው ይቈዩታልና። ይህንንም አሳብ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ዳንኤል ጃንዘን በ1970፥ ጆሴፍ ኮኔል ደግሞ በ1971 በጽሑፍ ገልጠውታል።

ነገሩ ወደ እኛም ደጅ ይደርሳል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፥ በዚሁ አቈጣጠር በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። በነዚያ ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኘ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ከብት በሚገባበት ስፍራ ችግኙ እንደሚጠፋ፥ በታጠረው ስፍራ ግን በቅሎ እንደሚያድግ በፈተና ታየ። የብዙዎቹም ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተሰውሮ የማይቈይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከሩቅ ሲያዩት የተዋበው ደን፥ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት፥ ልጅ የሌለበት ቤት ሊሆን ይችላል። ሰሙ ጥላው ነው፤ ወርቁ ግን በገመድ በተከለለው መሬት ላይ ነው።

አሁን ተማሪውን እናስብ። ዝናብ ሲመታው ውሎ፥ በጭቃ ተንበርክኮ፥ በዐሥር ስፍራ ቢፈልግ አንዲት የጥድ ችግኝ አላገኘም። መምህሬ ሰነፍ ይለኛል ብሎ ይፈራል። ችካሉን ጥቂት ፈቀቅ ቢያደርገው፥ ወይም አንድ ቍጥር ቢጨምር፥ የሚያውቅበት የለም።

እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ ለቈጠራ ወጥቼ፥ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ውዬ፥ አንዲት ቤት እንኳ ሳልቋጥር የተመለስሁበት ቀን ነበረ። ዐፍሬ ከባልንጀራዬ የሰማሁትን የራሴ አስመስዬ ነገርሁ። መምህሬም አመሰገኑኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይቈጠቍጠኛል፤ ባዶ እጄን ቀርቤ ቢሆን ኖሮ ጉድለቴን አውቀው ባስተማሩኝ ነበርና። ሐሰተኛው ፍሬ መድኃኒቱን ከለከለኝ።

«አንዲት ችግኝ በመዝገብ ብትጨመር ምን ትጐዳለች?» የሚል ይኖር ይሆናል። በወረቀት ላይ የለመለመውን ደን ግን ማንም አያጥረውም። በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ቅጥር የተሠራው «ችግኝ የለም» የሚለው ቃል በእውነት ስለ ተነገረና ካህናቱና ምእመናኑም ስለ ሰሙት ነው፤ ገበሬዎችም ድንጋዩን ከየእርሻቸው ለቅመው አመጡ። ቅጥሩ ከብትን ይከለክላል፤ ዘር ተሸካሚውን ወፍ ግን አይከለክልም።

እኛም በበኩላችን «ደናችሁ ወራሽ የለውም» የሚለንን ሰው እንደ ተሳዳቢ አንቍጠረው። አባቶቻችን ጥላውን መጠበቃቸው እውነት ነው፤ ጥላን መጠበቅና ወራሽን ማሳደግ ግን ሁለት ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፤ በእውነት የተጻፈ «የለም» ፍሬ ነው፥ በሐሰት የተጻፈ «አለ» ግን ዘርን ያጠፋል። መምህራንም የሞላውን መዝገብ ብቻ አናመስግን፤ ባዶውን ይዞ የመጣውን ልጅ ዐይኑን አይተን፥ የት የት እንደ ፈለገ እንጠይቀው። እውነት መናገሩን ያወቅን እንደ ሆነ፥ በሚመጣው ክረምት ደግመን እንላከው።