ፋይል መደበቅ ሰትር ነው?

 

ዛሬ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በመንግሥት ቢሮ ሥራ ለያዛችሁ ወጣቶች ነው የምጽፈው። ኦዲተሮች ሊመጡ ነው እንበል። አለቃህ ይጠራህና «ይቺን ፋይል ለጊዜው ዞር አድርጋት፤ ከጠየቁህ በጦርነቱ ጠፍታለች በል» ይልሃል። በ2014 ከተሞቻችን በተያዙ ጊዜ ስንት ቢሮ ተዘርፏል፣ ስንት ሰነድ ጠፍቷል። ስለዚህ ውሸቱ እውነት ይመስላል። ምን ታደርጋለህ?

አንዳንዱ እዚህ ላይ ዲኑን ይጠቅሳል። የሙስሊም ወንድምን ነውር መሸፈን ታላቅ ምንዳ አለው ይላል። ልክ ነው፣ አለው። ግን ሰትር የሚደረገው ሰውየውና ጌታው መካከል ላለ ወንጀል ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ገንዘብ የአለቃህ አይደለም፤ ያንተም አይደለም። ከነጋዴው ግብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ተቆርጦ የተሰበሰበ፣ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ ለተማሪ ወንበር የታሰበ የሰው ሐቅ ነው። የሌላን ሰው ሐቅ ደግሞ አንተ ዐፉ ልትል አትችልም፤ ባለቤቱ ሳያውቅ መሸፈን በደሉን መካፈል ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ ሰብሳቢ ልከው ሲመለስ ዝም ብለው አልተቀበሉትም፤ ሒሳቡን ተሳሰቡት። ሰውየው ከፊሉን «ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው» ሲል በሰው ፊት ተቆጡ፤ ቤቱ ቁጭ ቢል ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ዑመርም (ረ.ዐ) ሙሐመድ ኢብን መስለማን እየላኩ ሹሞቻቸውን ያስመረምሩ ነበር። እነዚያ ሶሐቦች ከተመረመሩ የእኛ ቢሮ ምን ስለሆነ ይቀራል?

ሕጉም ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 ዋና ኦዲተርን አቋቁሟል፤ ሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 982/2008 ተዘርዝሯል። ክልላችንም የራሱ ዋና ኦዲተር አለው። ኦዲተር ለሥራው የጠየቀውን ሰነድ መከልከል፣ መደበቅ ወይም ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለትም፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቅህ ከፈጸምከው ነፃ አያወጣህም። አለቃው በቃል ነው ያዘዘህ፤ ፊርማው ያለው ያንተ ነው።

«ሥራዬን ባጣስ?» ትለኝ ይሆናል። ፍርሃቱ ቀላል አይደለም፤ ቤት የሚጠብቁ እናትና ታናናሾች አሉ። ኦዲተሩስ ንጹሕ ለመሆኑ ማን ዋስ ነው? እሱም ይገባኛል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፦ ሰነዱን በዝርዝር አስፈርመህ አስረክብ፤ ቅጂ ያዝ፤ «ደብቅ» ከተባልክ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቅ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በጽሑፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቀራል። በእውነት የጠፋ ሰነድ ካለም ጠፋ ብለህ ቀድመህ አስመዝግብ እንጂ ያልጠፋውን አታጥፋ።

ሪዝቅህን የጻፈው አላህ ነው። በአማና ምክንያት ከሥራ የወጣ ሰው ተጎድቷል፣ አልከሰረም። ሌላ የማይጠፋ መዝገብ አለ፤ አፍ ሲታተም እጅና እግር የሚመሰክሩበት ቀን አለ። ያን ቀን ሞዴል 19ኙን በኪስህ ይዘህ አትቀርብም።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ከሱረቱል ከህፍ በኋላ መሳቢያህ ውስጥ ያለውን አስብ። አላህ ሒሳባችንን ያቅልልን፤ ከሐራም ይጠብቀን። አሚን።