በፍርሃት ቀን ሕግ ማንን ይጠብቃል?

ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ መንገደኛ በዚሁ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሁለት ቤቶችን ያገኛል። አንደኛው የአፍሪካ አዳራሽ ነው፤ ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ የሽግግሩን ቻርተር ያጸደቀው በዚያ ነበር። ሁለተኛው በአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው፤ የሟቾች አፅምና ፎቶግራፍ ይታይበታል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውን ሕገ መንግሥት በቅጡ ለመረዳት የሚሻ ሁለቱንም ቤቶች ቢጎበኝ መልካም ነው እንላለን። ሕጉ ከጦርነትና ከሞት ትዝታ የተወለደ ነውና።

እንዲህ ባለ ትዝታ ሕጉን የጻፈ ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1933 የጀርመን ምክር ቤት ሕንፃ በተቃጠለ ማግስት፣ በቫይማር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የዜጎች መብት ታገደ፤ ሂትለርም አምባገነንነቱን በዚያው አጸና። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1949 የወጣው መሠረታዊ ሕግ የመጀመሪያ አንቀጹን ለሰው ልጅ ክብር ሰጠ፤ ይህም መሠረተ ሐሳብ በማናቸውም ማሻሻያ እንዳይነካ ከለከለ፤ የሞት ቅጣትንም ሻረ። ጉድለት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም፤ ለአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ብቻ የተጻፈና ለሕዝብ ድምፅ ያልቀረበ ነበር። ነገር ግን ያለፈው ጥፋት በየትኛው በር እንደገባ ለይቶ አውቆ ነበር።

የእኛስ? መልካሙን አስቀድመን እንናገር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንዲት ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ናት ሲል ደንግጎ ነበር፤ የ1987ቱ ግን በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቶ፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት አረጋግጧል። ቁጥራችን ጥቂት ለሆነው ለእኛ ለካቶሊካውያን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት እንዲታወቁ ማድረጉንም፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲጸልይ ያየ ካቴኪስት ዋጋውን ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንቀጽ 28 አለ። ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወር፣ ማሰቃየት በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም አይታለፉም። በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሙዚየሙ ሟቾች ይናገራሉ።

አንድ የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪ ግን «አባ፣ ሕጉ ገዳይን ከገደለ በኋላ ይቀጣል፤ ከመግደሉ በፊትስ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀን። ቀላል መስሎን መጽሐፉን ገለጥን። አንቀጽ 15 የሕይወትን መብት ያውቃል፤ ምንም እንኳ በከባድ ወንጀል የሚፈረድን የሞት ቅጣት ቢተውም (የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ2018 በር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ከተሻሻለ ወዲህ ይህ ቅጣት ተቀባይነት እንደሌለው ያስተምራል)። ያስደነገጠን አንቀጽ 93 ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ከቶ ሊገደቡ የማይችሉትን ሲዘረዝር የመንግሥቱን ስያሜ፣ ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅን፣ እኩልነትንና የብሔሮችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ይጠራል። የሕይወት መብት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሃይማኖት ነፃነትም የለም።

ይህ ለምሁራን የሚተው ነገር አይደለም፤ በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇልና። በእነዚህ ዓመታት ያልቀበርን ማን ነን?

ሕጉን የጻፉት ለሕይወት ግድ አልነበራቸውም ብለን አንፈርድም። እንደሚመስለን፣ ያስፈራቸው የሕዝቦች መብት ዳግመኛ መረገጡ ነበር፤ መግቢያውም የሚጀምረው «እኛ» ባሉት በብሔሮች፣ በብሔረሰቦችና በሕዝቦች ስም ነው። ፍርሃታቸው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ሰው ከየትኛውም ሕዝብ አባልነቱ በፊት በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ እውነተኛ ዴሞክራሲ ስለ ሰው ትክክለኛ አስተያየት ከሌለ እንደማይቆም ያስተማሩት ለዚህ ነው። ስብስቡን ጠብቆ ሰውየውን የዘነጋ ሕግ ስብስቡንም መጠበቅ ያቅተዋል፤ የሚሞተው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነውና።

ለተማሪው ባዶ መልስ አልሰጠነውም። አንቀጽ 13 የመብቶቹ ምዕራፍ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳኖች ጋር ተጣጥሞ እንዲተረጎም ያዝዛል፤ አገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ ሕይወትንም ሃይማኖትንም በአስቸኳይ ጊዜ እንዳይነኩ ይጠብቃል። አንቀጽ 93ን ማሻሻልም አይከለከልም። የሰብአዊ መብቶችን ምዕራፍ ለመለወጥ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ መስማማት አለባቸው፤ አንቀጽ 93 ግን ከዚያ ምዕራፍ ውጭ ስለሆነ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይበቃዋል። ልጁ ይህን በደብተሩ ጻፈና «ታዲያ እስከ አሁን ማን ጠየቀ?» አለን።