ግብር የሚጀምረው ከየት ነው?

የኢትዮጵያና የኬንያ የደመወዝ ግብር ጣሪያ አንድ ነው፤ 35 በመቶ። ታዲያ «እኩል ነን» ይባላልን? በእኔ እምነት አይባልም። በእኛ ዘንድ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ እስከ 2 ሺህ ብር ነፃ ሲሆን፣ 35 በመቶው ከ14 ሺህ ብር በላይ ባለው ገንዘብ ላይ ይጀምራል፤ በጊዜው ምንዛሪ 100 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ኬንያ በ2015 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ ግን ይህንኑ መጣኔ ያሳረፈው በወር ከ800 ሺህ ሽልንግ፣ ማለትም ከ6 ሺህ ዶላር በላይ በሚያገኘው ሰው ላይ ነው።

እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን 15 ሺህ ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ እንውሰድ። ግብሩ 3,200፣ ጡረታው 1,050 ብር ተቆርጦ እጁ የሚገባው 10,750 ነው። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ቀለብም ከዚሁ ነው። (የኬንያው ሠራተኛም ቢሆን ለጤና መድንና ለቤቶች ግንባታ ይቆረጥበታል፤ ጀነት ውስጥ አይደለም።)

መንግሥት ያለ ግብር ይኑር የሚል የለም፤ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ከዚያው ነው። ነገር ግን ዘካን እንመልከት። ዘካ ግብር ባይሆንም ኒሳብ አለው፤ 85 ግራም ወርቅ የሚያህል ገንዘብ ኖሮት ዓመት ያልዞረበት ሰው 2.5 በመቶውን አይጠየቅም። አስቀድሞ የሚታየው የተረፈው ነው። የደመወዝ ግብር ግን ቀለቡን ሳይጠይቅ ከምንጩ ይቆርጣል። ለመሆኑ 2 ሺህ ብር በአዲስ አበባ የማን ኒሳብ ነው?